ምንም የማትፈልግ ሴት

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ገጹ ላይ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ «ትዕይንት አንድ። ውጪ። ቀን።» ከዚያ በታች ባዶ መስመር ነው። ክረምት ገብቶ ወጣ፣ የደብተሩ ሽፋን ተላጠ፣ እኔ ግን «ቀን» ከምትለዋ ቃል ስንዝር ፈቀቅ አላልኩም።

ሙያዬ ማስተማር ነው፤ ዳንግላ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ድርሰት መጀመር ሲያቅታቸው «ዝም ብላችሁ ጀምሩ፣ ሐሳቡ እየጻፋችሁ ይመጣል» እላቸዋለሁ። ለሌላው መምከር ምን ይከብዳል? ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ስቀመጥ ግን የሚመጣልኝ ሐሳብ ሳይሆን እንቅልፍ ነበር።

የፊልም ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ የተማርኩት ባሕር ዳር በተሰጠ የአምስት ቀን ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኛችን ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው ነበር። ያቀረብንለትን ሐሳብ አንድ በአንድ እያነበበ በእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ይወጋዋል። የእኔ ተራ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህች አሮጊት ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ምንም። ትመርቃለች» አልኩት።

«ምንም የማትፈልግ ሴት ፊልም አይወጣትም። ፎቶዋን አንሺና ግድግዳ ላይ ስቀያት።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን እርር ብሏል። እሱ ሰው ሁሉ የሚስገበገብ ይመስለዋል፣ የኛን አገር እናቶች የት ያውቃል አልኩ በልቤ። እኔ የማውቃት አሮጊት እውነትም ለራሷ የምትፈልገው አልነበራትም። እኔ የማውቃት አሮጊት የባሌ እናት ናቸው።

አማቴ የሚኖሩት ከእንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት በሚወስደው በኩል፣ ከዋናው መንገድ በጋሪ ተሂዶ፣ የመጨረሻዋ አቀበት በእግር ተወጥታ በሚደረስበት መንደር ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ባሌ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እንሄዳለን፤ በጥር፣ በፋሲካ፣ በመስቀል፣ ሌላም ጊዜ መንገዱ ሰላም ሆኖ መኪና ከተገኘ። እሳቸው ከአገውኛ በቀር አማርኛ አንድ ቃል እንደማይሰሙ የነገረኝ ባሌ ነው። እኔ ደግሞ ወላጆቼ ለሥራ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ዳንግላ ነው የወለዱኝ፤ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። ስለዚህ በአማቴና በእኔ መካከል የሚያገናኘን ባሌ ነበር። በማይሰሙት ቋንቋ ፊታቸው ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ነው ስላለኝም፣ እኔና እሱ እዚያ የምንነጋገረው በጆሮ ነበር።

ሲያስተረጉም እወደው ነበር። እንዲያውም ከመቼውም ጊዜ ይልቅ ያን ጊዜ ነበር የምወደው። ቤት ውስጥ ከ«እህ» እና ከ«እንጃ» የማያልፍ ሰው፣ እናቱ ፊት ሲቀመጥ አንደበቱ ይፈታል፣ ድምፁ ይለሰልሳል። እሳቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ፊቴ አስጠግተው ረጅም ነገር ይናገራሉ። ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እሱ ጨርሰው እስኪናገሩ ይጠብቅና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ማኅፀንሽ ይለምልም፣ የልጅሽን ልጅ እዪ እያለችሽ ነው» ይለኛል። እኔ «አሜን፣ አሜን እማዬ» እላለሁ። ጉልበታቸውንም እስማለሁ።

ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ሐኪሞቹ «ምንም የለባችሁም፣ ጠብቁ» ብለውናል። ጎረቤት በዓይኗ ሆዴን ስትለካኝ፣ የገዛ እናቴ በስልክ «ታዲያስ?» ብላ ዝም ስትል፣ እኔ የምይዘው ያን ምርቃት ነበር። አንዲት አሮጊት እዚያ ብርድ ላይ ተቀምጣ፣ እንባዋን እያፈሰሰች ስለ እኔ ማኅፀን ትለምናለች እያልኩ ስንት ወር ተጽናናሁ። ልጽፈው ያሰብኩት ፊልም ስለዚያች ሴት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ ለልጅ ብለን የያዝነው ትርፍ ክፍል አለ። አልጋ አስገብቼበት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፌበት ነበር። በሄድን ቁጥር ባሌን በጆሮው «እኛ ጋ መጥተው ይኑሩ፣ በልልኝ» እለዋለሁ። ይነግራቸዋል። እሳቸውም ይመልሳሉ፣ በረጅሙ ይመልሳሉ። ከዚያ እሱ ራሱን እየነቀነቀ «የአባትህ መቃብር ያለበትን አገር ትቼ የትም አልሄድም አለች» ይለኛል፤ አንዳንዴም መልሳቸው ብሎ የሚሰጠኝ ያንኑ ምርቃት ነው። እኔም ይህን እንደ ትልቅ ነገር ይዤ፣ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ «እንዲህ ያለ ሰው እኮ ድሮ ቀረ» እያልኩ አወራ ነበር። ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

አገውኛ አስተምረኝ ያልኩት በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ነው። «ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁልሽ አይደል?» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

ባለፈው ጥር ያ ባዶ ገጽ ሲያስመርረኝ አንድ ዘዴ መጣልኝ። መጻፍ ያቃተኝ የአማቴን አነጋገር ስለማላውቀው ይሆናል አልኩ፤ ባሌ የሚያቀብለኝ ፍሬውን እንጂ ለዛውን አይደለም። ስለዚህ ስልኬን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ፣ መደቡ ላይ በእኔና በእሳቸው መካከል አድርጌ ድምፃቸውን ቀዳሁ። ስርቆት ነው፣ አልክድም። ሰው መቀዳቱን ካወቀ አነጋገሩ ይለወጣል ብዬ ነው። በፋሲካ ስንሄድም ደገምኩት። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ስክሪፕቱ ሲያልቅ «ይኸውልህ እናትህ» ብዬ ላስደንቀው ነበር ሐሳቤ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ አገውኛ የሚያስተምሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ መምህር አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቅጂውን ሰጥቻቸው «አንዲት ቃል ሳይቀር በአማርኛ ይጻፉልኝ፤ ማን እንደተናገረውም በጎኑ ይጻፉልኝ፣ ልክ እንደ ቲያትር» አልኳቸው። ደስ አላቸው። «የእናቶቻችን ንግግር እኮ ማር ነው። የሚጽፈው ጠፋ እንጂ» ብለው ተቀበሉኝ።

የሁለት ቀን ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ግቢ ውስጥ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ሰልችቷቸው ነው፣ ለማለት አፍረው ነው ብዬ ልተወው ስል፣ አንድ ሐሙስ በሻይ ሰዓት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከፊቴ አኖሩ።

«ይህን ነገር ባለቤትሽ ያውቀዋል?» አሉኝ።

«አያውቅም ጋሼ። ላስደንቀው ነው።»

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። «እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት፣ ልጄ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ከፈለግሽም ቅደጂው።»

ባዶ ክፍል ፈልጌ የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ልክ እንዳልኳቸው አድርገውታል፤ እናት፣ ልጅ፣ ምራት እያሉ። የጥር ወሩ ቅጂ እንዲህ ይላል፤ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።

ምራት (በአማርኛ፣ በሹክሹክታ)፦ ክረምቱ ሳይገባ እኛ ጋ ይምጡ፣ በልልኝ። ክፍሉን አዘጋጅቼዋለሁ።

ልጅ (በአገውኛ)፦ ቤቱ ጠባብ ነው ትላለች። ለጊዜው እዚሁ ሁኚ፣ ወደፊት እናያለን ትላለች።

እናት፦ ጥግ ይበቃኛል። ምድጃ ሥር እተኛለሁ። ባለፈው እዚህ ደጃፍ ወድቄ፣ ከጠዋት እስከ ማግስቱ ያነሣኝ አልነበረም። ልጄ፣ አንቺ ሴት ነሽ፣ ይገባሻል። ውሰጂኝ።

ልጅ (በአማርኛ፣ በሹክሹክታ)፦ ማኅፀንሽ ይለምልም፣ የልጅሽን ልጅ እዪ እያለችሽ ነው።

ምራት፦ አሜን፣ አሜን እማዬ።

ወረቀቱን ገልብጬ ዴስኩ ላይ ደፋሁት። ውጪ ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ፣ ፊሽካ ይነፋል። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ገለበጥኩት፤ ምናልባት ጋሼ ተሳስተው ይሆናል፣ ምናልባት አንድ መስመር ዘለው ይሆናል ብዬ። አልተሳሳቱም። የኔ አማርኛ ቃል በቃል እኔ ያልኩት ነው። ጋሼ የፋሲካውንም ጽፈውታል፤ እሱ አጭር ነው። አማቴ ያን ቀን አልለመኑም። ለልጃቸው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ተዋት፣ አትጨቅጭቃት። ፊቷን አያለሁ፤ አልፈለገችኝም።» ባሌ ይህን «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ» ብሎ ነው የተረጎመልኝ። እኔም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ ስቄላቸዋለሁ።

ተከድቻለሁ። ለዚህ ሌላ የተሻለ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም፣ ቋንቋ አስተማሪ ሆኜም። የሌሎች ሴቶች ባል ሲከዳ ከኋላው ሌላ ሴት ትገኛለች። እኔ ያገኘሁት ሌላ እኔን ነው። ባሌ የፈጠራት፣ በእኔ ፊት፣ በእኔ ነጠላ፣ አንዲትን አሮጊት «ቤቴ ጠባብ ነው» የምትል ምራት። እኔ «ትዕይንት አንድ» ብዬ ስቀመጥ፣ ደራሲው ለካ እቤቴ ነው ያለው። ስድስት ዓመት ሁለት ሴቶችን ሲያናግር አንድም ቀን ቃል አልጠፋበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ያሳፍራል ግን እውነት ነው። እዚያው ዴስክ ላይ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ ያ ወረቀት የሚወጋ አሠልጣኝ ትዝ አለኝ። ሴትዮዋ ምንድን ነው የምትፈልገው? ጥግ ነው የምትፈልገው። ምድጃ ሥር ብትሆንም ጥግ። ሦስት ዓመት ፊልሜ ያልጀመረው ሴትዮዋ የምትፈልገው ስለሌላት አልነበረም። የምትፈልገውን ባሌ ቀምቷት ነው፤ ቀምቶ በእሱ ፈንታ ምርቃት ሰጠኝ። ያን ስረዳ እጄ መጻፍ አማረው።

ከሰዓት ቤት ስገባ ባሌ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ወረቀቱን ሰጠሁት። አንዴ አነበበው፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና ወረደ።

«እኚህ መምህር የዳንግላን አገውኛ ነው የሚያውቁት። የእናቴን አይሰሙም» አለ።

 ቆሜ ጠበቅሁት። አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ ነው፣ አንዱ በካልሲ ብቻ።

«እሺ መሬቱስ?» አለ። «እሷ ከዚያ ከወጣች መሬቱ ላይ ማን ይቀመጣል?»

ገጠር ያለ መሬት ባለቤቱ ጥሎት ከተማ ከገባ ይዞታው ሊወሰድ እንደሚችል እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ባሌ የእናቱን እርሻ በሙሉ ለከሰል የሚሸጠውን ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ አስተክሎበታል። ዛፉ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት ሁሉ እንዲያየው ከዚያ ጎጆ ጢስ መውጣት አለበት። ጢሱን እንዲያወጡ የተቀመጡት እናቱ ናቸው።

«ለማን ብዬ ነው? ነገ ለምንወልዳቸው ልጆች አይደለም?» አለኝ።

«ምርቃቱንስ ከየት አመጣኸው?»

ይህን አልጠበቀውም። ብሩሹን መሬት አስቀመጠ።

«እንድትደሰቺ ነዋ። ከእሷ ቤት ስትወጪ ፊትሽ ይበራ ነበር።»

እውነቱን ነው፣ ይበራ ነበር። ከሁሉም ያንገበገበኝ እሱ ነው። ስለ መሬቱ ብሎ ዋሸ ብሎ ይቅር የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ መሬት ለገበሬ ልጅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የእኔን ልጅ ማጣት ያውቃል፣ የትኛው ቃል እንደሚያስለቅሰኝ ያውቃል፣ እናቱ «ወደቅሁ» ሲሉት ያን ቃል መርጦ ነው የሰጠኝ። ያን ለማድረግ ሰውን በጣም ማወቅ ይጠይቃል። እንደዚያ አድርጎ የሚያውቀኝ ሌላ ሰው የለኝም።

«ከመስቀል በኋላ ራሴ አመጣታለሁ» አለኝ። ሲናገር ሰማሁት፣ ግን የሚያስተረጉም መሰለኝ። ከአሁን በኋላ ይህ ሰው «ርቦኛል» ቢለኝ እንኳ ዋናው ንግግር ምን ይሆን እያልኩ ነው የምኖረው ማለት ነው።

በማግስቱ ጋሼን ፈልጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲያስጠኑኝ ለመንኳቸው። «እማዬ፣ ልወስድዎት መጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬ የነገሩኝን የሰማሁት ገና አሁን ነው» የሚል። በአገውኛ ጻፉልኝና መምህራን ክፍል ጥግ ላይ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አስደገሙኝ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። «ግድ የለም፣ ይሰሙሻል» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ለባሌ «እናትህ ጋ መሄዴ ነው» አልኩት። «ልምጣ?» አለ። «አትምጣ» አልኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ያችን ዓረፍተ ነገር በሹክሹክታ ስደጋግም፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጸሎት እያደረስኩ መስሎት ዝም አለልኝ። ግራና ቀኙ መንገድ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። ድሮ እሱን ሳይ የአገሩ ሀብት ነው እል ነበር፤ ያን ቀን ግን ማዳበሪያዎቹን እያየሁ ከእያንዳንዱ ጀርባ የተቀመጠች አሮጊት ትኖር ይሆን እያልኩ ነበር። እንጅባራ ስንደርስ ዝናብ ጀምሯል። ሌላ መኪና ይዤ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያም አቀበቱን በእግሬ ወጣሁ። ብቻዬን ወጥቼው አላውቅም ነበርና ሁለት ጊዜ መንገድ ተሳሳትኩ።

ዛፉ እስከ አጥሩ ደርሷል። ሁልጊዜ እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው እል ነበር፤ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚገባበት ቀዳዳ እንደሌለ አየሁ። ከበሩ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትወጣ አገኘሁ። ጎረቤታቸው ናት፤ በዓል ሲሆን አይቻት አውቃለሁ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ «ግቢ፣ አሉ» ብላኝ ሄደች።

አማቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላዬ ማን እንደሚገባ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። ማንም አልነበረም። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ያችን ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣኋት።

ፊቴን መረመሩ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ማን አስጠናሽ?» አሉኝ።

ተንበርክኬ እንዳለሁ ቀረሁ። «አማርኛ ያውቃሉ?»

«ግምጃ ቤት ገበያ ይህን ሁሉ ዘመን ድንች የሸጥኩት በምን ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ በአማርኛ…»

«ልጄ ነዋ ያለኝ። አገውኛ ትሰማለች፣ መናገር ነው የሚያሳፍራት አለኝ። ከሰማሽ ብዬ በአፌ ነገርኩሽ። የልቤን በገበያ ቋንቋ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?» ቃሉን እየፈለጉ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ግን አንዱም አልጠፋባቸውም። «ወደቅሁ አልኩሽ። አሜን አልሽ። ውሰጂኝ አልኩሽ። አሜን አልሽ። ሳቅሽ ደግሞ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልኩን፣ ጋሼን፣ ወረቀቱን፣ ምርቃቱን፣ ክፍሉንና ብርድ ልብሱን። ልጃቸው በእኔ ስም ምን ሲል እንደኖረ። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው፤ ሳወራ ደግሞ ራሴን እየሰማሁት ነበር፣ ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ከሳሽ። «እኔም ተከድቼ ነው እማዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነኝ» አልኳቸው።

አቅፈው አብረውኝ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሳስበው የመጣሁት ትዕይንት እንዲያ ነበር። ሁለት የተታለሉ ሴቶች፣ አንዷ የሌላዋን እንባ ስትጠርግ። አማቴ ግን አላለቀሱም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እሱ ልጄ ነው። ሲዋሽ አላጣውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሸሻል» አሉኝ። «በጆሮ የምትባባሉትን አልሰማም፤ ግን በአንቺ ስም የሚለው ሁሉ ከአንቺ አፍ እንዳልወጣ ጠርጥሬ ነበር። ለዚህ ብዬ ጠበቅሁሽ። አንድ ቀን ብቻዋን ብቅ ትላለች፣ ያን ቀን በገበያውም ቋንቋ ቢሆን እነግራታለሁ አልኩ። ስድስት ዓመት። ብቻሽን መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ዳንግላ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ አይደለም።»

ለዚህ የማስተረጉምበት ሰው አላገኘሁም። ሥራ ይበዛል፣ መንገዱ ይዘጋ ነበር፣ ባሌ ይቆጣል፤ ይህን ሁሉ ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ለባሕር ዳሩ ሥልጠና መንገድ አላጣሁም።

«አሁን እንሂድ። ዛሬውኑ» አልኳቸው።

«አሁን የትም አልሄድም።» እጃቸውን አንሥተው በሩን አሳዩኝ፣ ጎረቤቲቱ የወጣችበትን። «ከወደቅሁበት ያነሣችኝ እሷ ናት። ውሃ ታመጣለች፣ እሳት ታነዳለች። መሬቴን ለእሷ ሰጠሁ፤ ጧሪዬ ናት፣ ስሞትም ትቀብረኛለች። ከፋሲካ በኋላ ምስክር ቆጥሬ በጣቴ ፈርሜያለሁ።»

ከፋሲካ በኋላ። እኔ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ ስቄ ከወጣሁ በኋላ ማለት ነው። አልተቆጡኝም። ድንች ቀቅለው ነበር፣ አብሬያቸው በላሁ። ስነሣ ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝና «ከመሸ መኪና ታጪያለሽ» አሉኝ። ምርቃት ጠበቅሁ። አልመረቁኝም።

ከእንጅባራ ስነሣ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች መካከል ተጣብቄ ደብተሩን አወጣሁ። እስከዚያ ጠዋት ድረስ በልቤ የያዝኩት ፊልም የአንድ ከዳተኛ ባል ታሪክ ነበር፤ ልበቀለውም አስቤ ነበር፣ ስሙን ቀይሬ። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ ግን የወጣው ሌላ ነው። «ውጪ» የሚለውን ሰርዤ «ውስጥ» አልኩ። «አሮጊት መደብ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ምራቷ እየሳቀች ትገባለች። ከምራቷ ኋላ ባልየው አለ። አሮጊቷ የምትፈልገው ባልየው ውጪ እንዲቀር ነው።» ከዚያ በኋላ አልቆመም። መኪናው ሲነጥር ፊደሉ እየተጣመመ፣ ዳንግላ እስክንገባ ስምንት ገጽ ሞላሁ። ምራቲቱን ላሳምራት አልሞከርኩም። «አሜን» ስትል አፏ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባሌ በር ላይ ቆሟል። ትርፉን ክፍል ጠርጎታል፣ መስኮቱን ከፍቶታል። ከኋላዬ እናቱን ፈለገ፣ እንደ እናቱ አንገቱን አስግጎ።

«አልመጣችም?»

«አልመጡም።»

ሸሚዙን በእጁ ጨበጥ ለቀቅ አደረገ። ከዚያ ስድስት ዓመት እኔ ስጠይቀው የኖርኩትን፣ እሱ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ትመርቅሃለች» አልኩት።

ዓይኑን አሸሸ። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።